በቀቀኑ መሶቡን በላው

ይህ ዓምድ የቤት ጣጣ ሁሉ የሚራገፍበት በመሆኑ የኪራይ ውልም፣ የልጆች አማርኛ መርሳትም፣ የአማትና የምራት ነገርም ሲቀርብለት ኖሯል። ሰሞኑን የደረሰን ደብዳቤ ግን ለየት ያለ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉልን እህታችን አቤቱታ ያቀረቡት በወፍ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህታችን አንዲት አሜሪካዊት አዛውንትን ለስድስት ዓመት ያህል በቤታቸው እየተመላለሱ ሲንከባከቡ ቆይተዋል። አዛውንቷ የቅርብ ዘመድ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው አንድ ግራጫ በቀቀን ነው። ሲያርፉ በኑዛዜያቸው ላይ የእህታችን ስም ተጽፎ ተገኘ። የወረሱት ታዲያ ገንዘብም ቤትም አይደለም፤ በቀቀኑን ነው። ዕድሜው 22 ዓመት ነው።

በቀቀኑ ከነሽቦ ቤቱ ወደ ባለሁለት መኝታ አፓርታማቸው ከገባ ስምንት ወር ሆነው። በእነዚህ ወራት ያበላሸውን እህታችን ቆጥረው ጽፈውልናል፦ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ቁልፎች፣ የሶፋውን እጀታ፣ የትልቁን ልጅ ሁለት ቻርጀር፣ የመኝታ ቤቱን የበር መቃን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ካላንደር። ባለቤታቸው እስከዚህ ድረስ ታግሠው ነበር። ትዕግሥታቸው ያለቀው ለፋሲካ እንግዳ በተጠራበት ቀን ነው። እህታችን ከአገር ሲወጡ ተሸክመውት የመጡት፣ አሁን በሕይወት የሌሉት እናታቸው በእጃቸው የሰፉት መሶብ ክዳኑ ዙሪያውን ተበልቶ ተገኘ። ባለቤታቸውም «ወይ እሱ ወይ እኔ» ብለዋል። እህታችን በበኩላቸው «የሟቿን አደራ ብጥል አደራ በላ እባላለሁ፤ ባልጥል ደግሞ ቤቴ ሊበላ ነው፤ ምን ይሻለኛል?» ይላሉ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። በቀቀን ማኘኩን አይተውም። ይህን የሚያስተው መድኃኒትም ሥልጠናም የለም። ሰው ማድረግ የሚችለው ወፉ የሚያኝከውን ነገር መምረጥ ብቻ ነው። ባለቤትዎ «ማኘኩን ያቁም» የሚሉ ከሆነ የማይሆን ነገር ነው የጠየቁት። «የእኛን ዕቃ አያኝክ» የሚሉ ከሆነ ግን መንገድ አለው።

የበቀቀን መንቁር እንደ እኛ ጥፍር ዕድሜ ልኩን ያድጋል። የላይኛው መንቁር ከራስ ቅሉ ጋር በተጋጠመበት ቦታ ስለሚንቀሳቀስ እንደ ጉጠት ይይዛል፣ እንደ መጋዝ ይቆርጣል፣ ሲወጣና ሲወርድም እንደ ሦስተኛ እግር ያገለግለዋል። ይህ ግራጫ ዓይነቱ ዘሩ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ደን ነው። በዱር ቢሆን ኖሮ ማልዶ ከመንጋው ጋር ወጥቶ የዘንባባ ፍሬ ሲፈለፍል፣ ቅርፊት ሲልጥ፣ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ ይውል ነበር። ጎጆውም በዛፍ ግንድ ውስጥ ያለ ሽንቁር ነው። እኛ ቤት ግን ምግቡ በሳህን ተሞልቶ ይቀርብለታል፤ በሩብ ሰዓት ይጨርሳል። የቀረውን ቀን ምን ይሥራበት? ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። በቀቀን ደግሞ መቅደዱን እንጂ መስፋቱን አያውቅም።

ተንኮል ነው፣ ቂም ይዞብን ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። መሶብ የእናት ማስታወሻ መሆኑን ወፍ ከየት ያውቃል?

እርግጥ ነው፣ በቀቀን ለአብዛኞቻችን እንግዳ ነገር ነው። አገራችን የራሷ በቀቀኖች አሏት፤ ግንባረ ቢጫው በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም። በደጋው ጽድና ሾላ ላይ የሚንጫጫው፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነው ትንሹ አረንጓዴ ወፍም መኖሪያው ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ነው። ነገር ግን ወፉ ዛፍ ላይ፣ እኛ ቤት ውስጥ ሆነን ነው ያደግነው። «በቀቀን» ስንል የኖርነውም በየስብሰባው የተነገረውን ለሚደግመው ካድሬ ነበር። ከእውነተኛው በቀቀን ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖርን ያመጣብን ስደት ነው።

ወደ መፍትሔው ከመሄዳችን በፊት እስካሁን የተሞከሩትን እንይ።

የመጀመሪያው ቁጣ ነው። እህታችን እንደሚሉት ባለቤታቸው «ተው! ተው አንተ ወፍ!» እያሉ ከሶፋው ሲነሡ በቀቀኑ ክንፉን እያራገበ አብሮ ይጮሃል። አሁንማ ሪሞቱን ከመንካቱ በፊት ራሱ «ተው!» ይላል አሉ። የመንጋ ወፍ ነው፤ ጫጫታ ለእሱ ጨዋታ እንጂ ቅጣት አይደለም። ሪሞቱን ሲነካ ሦስት ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ይላል፣ ቤቱ ይሞቃል፣ ስሙ ይጠራል። የራሱን እንጨት ሲያኝክ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጡ ነበር?

ዱላ ከነጭራሹ አይታሰብ። መንቁሩን መምታት፣ ቤቱን መነቅነቅ፣ በጨርቅ ሸፍኖ ጨለማ ውስጥ መተው የሚያስተምረው ሰውን መፍራት ብቻ ነው፤ የፈራ በቀቀን ደግሞ ወይ ጣት ይነክሳል ወይ የራሱን ላባ ይነጫል። አፍን በጉልበት መዝጋት ምን እንደሚያተርፍ ይህን ዓምድ የምናዘጋጅ ሰዎች በራሳችን ስላየነው ብዙ አንልም። ውሃ መርጨትም ያው ነው፤ ገላውን የሚታጠብበትን ነገር መቅጫ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ሚጥሚጣ ነው። ይህን የመከሩት ጎረቤት ማን እንደሆኑ አልተነገረንም፤ አበሻ መሆናቸውን ግን አንጠራጠርም። የሶፋው እጀታ በሚጥሚጣ ታሸ፤ ቤተሰቡም ዳር ሆኖ ጠበቀ። በቀቀኑ መጣ፣ ቀመሰ፣ ደገመ። ለወትሮው ግማሹን የሚተወውን እጀታ በዚያን ቀን እስከ ስፖንጁ አደረሰው።

ምክንያቱ በደንብ የታወቀ ነው። በርበሬ፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ ውስጥ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። የሰው፣ የውሻ፣ የአይጥና የሌሎች አጥቢ እንስሳት ነርቭ ይህን ንጥረ ነገር እንደ እሳት ይቆጥረዋል፤ የወፍ ነርቭ ግን አያውቀውም። ለቃሪያው ተክልም የሚበጀው ይኸው ነው። አይጥ ዘሩን አኝኮ ያጠፋዋል፤ ብዙው ወፍ ግን ዋጥ አድርጎ ሌላ ቦታ ይጥልለታል። ስለዚህ ሶፋ ላይ የተነሰነሰ ሚጥሚጣ የሚያቃጥለው እዚያ የሚቀመጠውን እንግዳ ነው። በዚያ ላይ ሚጥሚጣችን ጨው አለበት፤ ጨው ሲበዛ ለወፍ መርዝ ነው። በሱቅ የሚሸጠው መራራ ፈሳሽም ለውሻና ለድመት ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ለበቀቀን አያስተማምንም።

እንግዲህ ምን ይሁን? አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 አሌክስ የሚባል ግራጫ በቀቀን ገዝተው እስከሞተበት እስከ 2007 ድረስ ለ30 ዓመት ያህል አስተምረውታል። ቀለም ይለይ ነበር፣ ይቆጥር ነበር፣ ከመቶ በላይ የዕቃ፣ የቀለምና የቅርጽ ስሞችንም ያውቅ ነበር። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ንግግሩን ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ደመወዙ ነው። አሌክስ ያዩለትን ዕቃ ስም በትክክል ሲጠራ የሚሰጡት ያንኑ ዕቃ ነበር። «ወረቀት» ካለ ወረቀት፣ «እንጨት» ካለ እንጨት፣ «ቡሽ» ካለ ቡሽ። ተቀብሎ ይቦጫጭቀዋል፣ ይጫወትበታል። ለውዝ ሳይሆን የሚበጣጠስ ነገር አግኝቶ ለመማር በቂ ምክንያት ሆኖታል። በእርስዎ ቤት ግን ይኸው ደመወዝ ያለ ሥራ፣ ያውም ከባለቤትዎ ኪስ ነው እየተከፈለ ያለው።

ስለዚህ ለበቀቀኑ የራሱ የሚበላ ዕቃ ይኑረው፤ ብዙ ይሁን፣ በየቀኑም ይታደስ። ያልተቀባና ኬሚካል ያልጠጣ ለስላሳ የጥድ እንጨት ቁራጭ፣ ፕላስተሩና ስቴፕሉ የተነሣለት ተራ ቡናማ ካርቶን፣ ያልታተመበት ወረቀት፣ የእሸት በቆሎ ልባስ፣ የዘንባባ ቅጠል፤ ሁሉም ይሆናል። ውድ የወፍ መጫወቻ መግዛት ግዴታ አይደለም። አንዱ እንጨት በሁለት ቀን ዱቄት ሆነ ብለው አይዘኑ፤ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። የማያልቅ መጫወቻ ለበቀቀን መጫወቻ አይደለም።

መሶቡ ለምን እንደተመረጠ አሁን ሳይገባዎት አይቀርም። አክርማና ስንደዶ ነው፤ ደረቅ ሣር፣ ጠበቅ ተደርጎ የተሰፋ፣ ሲነከስ ቀጭ የሚል፣ ሲጎተት ደግሞ ቀስ እያለ የሚፈታ። የወፍ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች በገመድ አንጠልጥለው የሚቸበችቡት ያንኑ የመሰለ ነገር ነው። ባለቤትዎ አይቀየሙን እንጂ ወፉ የእጅ ሥራ ያውቃል። መሶቡ ከዛሬ ጀምሮ በር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ወይም ወፉ በማይገባበት ክፍል ይቀመጥ። በጨርቅ መሸፈን አይበቃም፤ ጨርቁንም ይቀደዋል። ለእሱ ደግሞ ቀለምና ቫርኒሽ ያልነካው ትንሽ የሣር ቅርጫት ገዝተው ይስቀሉለት። የተበላውን ክዳን በተመለከተ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ስፌት የሚችሉ እናቶች አይጠፉምና ጠይቀው ያስጠግኑት። አዲሱ ክር ከአሮጌው በቀለም ይለይ ይሆናል፤ ይለይ።

ቀጥሎ ምግቡን ይደብቁበት። የስንዴ፣ የበቆሎና የሽምብራ ንፍሮ ጨው ሳይገባበት በደንብ በስሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ለእሱም ደስ የሚል ምግብ ነው። ፍሬውን በወረቀት ጠቅልለው፣ ጥቅሉን በትንሽ ካርቶን ውስጥ አድርገው፣ ካርቶኑን ከሽቦው ጋር አስረው ወደ ሥራ ይሂዱ። ለእርስዎ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለእሱ የግማሽ ቀን። ንፍሮው እንዳይበላሽ ግን የተረፈውን ቶሎ ማንሣት ነው። መጀመሪያ ላይ አዲስ ነገር ሲያይ ሊሸሽ ይችላል። ግራጫ በቀቀን ጠርጣራ ነው፤ ለጥቂት ቀናት ከቤቱ ራቅ አድርገው አስቀምጠው፣ እርስዎ ራስዎ እየነካኩ ያሳዩት።

ከሽቦ ቤቱ ሲወጣ ሁልጊዜ የሚያየው አዋቂ ሰው ይኑር። የተከለከለ ነገር ሲነካ ሳይጮኹ፣ ሳይሮጡ ጠጋ ብለው እጅዎን ወይም ዱላውን ዘርግተው ያውጡትና የራሱ መቆሚያ ላይ አድርገው እንጨቱን ይስጡት። የራሱን ሲያኝክ ሲያዩ ደግሞ «ጎበዝ» ይበሉት፣ አንድ የሱፍ ፍሬ ይጨምሩለት። ከባዱ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዝም ብሎ ሲጫወት ልብ የሚል ሰው የለም። ቤተሰቡም አንድ ልብ መሆን አለበት። እርስዎ በዝምታ ሲያነሡት ባለቤትዎ ደግሞ ከጮኹ ወፉ ከእርሳቸው ጋር መጫወቱን ይቀጥላል።

በደብዳቤዎ መካከል አንድ መስመር ብቻ የጻፉበት ነገር አለ። በቀቀኑ ማታ ማታ ከሳሎን ሆኖ በሟቿ ድምፅ ስምዎን ይጠራል። «ልጆቹ ይፈራሉ፤ ልመልስለት ወይስ ዝም ልበል?» ብለዋል። በዱር አንዱ ወፍ ከሌላው ሲለይ ይጣራል፤ ሌላው ሲመልስለት ይረጋጋል። መልስ ካጣ ግን ጩኸቱን ይጨምራል፣ ወይም ያለበትን ነገር መቦጨቅ ይጀምራል። የበር መቃኑ የተበላው እናንተ መኝታ ቤት ገብታችሁ ስትዘጉ እንደሆነ ጽፈዋል፤ ምናልባት ሊከተላችሁ ፈልጎ ይሆናል። ስምዎን የተማረው ከእሳቸው ነው፤ ሰው የሚጠራውም እሳቸው ሲጠሩ በሰማው ድምፅ ነው። ይመልሱለት። ለስለስ አድርገው «አቤት» ይበሉት።

የመሶብ መበላት ያሳዝናል፤ አንዳንድ ነገር ግን ወፉን ራሱን ይገድለዋል። ትልቁ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ሁለት ቻርጀር ከበላ በኋላ በሕይወት መኖሩ ዕድል ነው። ገመዶቹ ከዕቃ ጀርባ ይሁኑ፣ ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ቱቦ ይሸፈኑ፤ ወፉ ሲወጣ ደግሞ ቻርጀሩ ይነቀል። እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ሕንፃ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ በመቃኑና በመስኮቱ ላይ ያለው የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ይህ ለወፉም ለትንንሽ ልጆቻችሁም መርዝ ነውና አከራዩን ጠይቁ። ዚንክ የተለበጠ ሽቦም ይመርዛል። ጠረጴዛ ላይ የምንጥላት የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ከ1982 ወዲህ ውስጧ ዚንክ ነው፤ ለመጫወቻ አትሰጠው። አቮካዶ፣ ቸኮሌትና ቡና በአቅራቢያው አይኑሩ፤ ጥሬ ቡናውም ቢሆን።

ቡና ካነሣን፣ የወፍ ሳንባ ከእኛ በጣም የተለየና ጢስ የማይችል ነው። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ በቀቀኑ ሌላ ክፍል ገብቶ በሩ ይዘጋ፣ መስኮት ይከፈት። እንጀራ የምትጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም መጥበሻው የማያጣብቅ የቴፍሎን ሽፋን ያለው ከሆነ ከመጠን በላይ ሲግል ለእኛ የማይሸት ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ከማኘኩ ወጣ አልን እንጂ ይህን ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም።

ከሶፋ ሥር፣ መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ እየገባ የሚቦረቡር ከሆነ ደግሞ ጎጆ እየሠራ ነው ማለት ነው። ጨለማ ጉድጓድ ያገኘ በቀቀን መንቁሩን ይበልጥ ይሠራበታል፣ ቁጡም ይሆናል። ቀዳዳዎቹን ይዝጉበት፣ ሲያሻሹት ከራሱና ከአንገቱ አይውረዱ፣ ሌሊት ከ10 እስከ 12 ሰዓት በጨለማና በጸጥታ ይተኛ። ቴሌቪዥኑ እስከ እኩለ ሌሊት በሚጮህበት ሳሎን ይህ አይሆንም። ማኘኩ በድንገት ከበረታ፣ ላባውን መንጨት ከጀመረ ወይም ምግብ ከቀነሰ ወፍ የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

የኪራይ ውሉን አውጥተው ስለ ቤት እንስሳት የሚለውን ያንብቡ። የተበላውን መቃን አሁኑኑ ማስጠገን ሲለቁ ከዲፖዚት ከሚቆረጠው ይረክሳል።

ባለቤትዎ ከዚህ ሁሉ በኋላም እምቢ ካሉ፣ ወፉን ለማያውቁት ሰው አይሽጡት፤ መስኮት ከፍተውም አይልቀቁት። የሜሪላንድን ክረምት አይችልም። በቀቀን ተቀብለው የሚያሳድጉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አሉ፤ ሐኪሙ ይጠቁማችኋል። ወደ አገር ቤት ጠቅልሎ የመመለስ ሐሳብ ካላችሁም ዛሬውኑ ይታሰብበት፤ ግራጫ በቀቀን ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መካከል ስለሆነ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም።

እኛ ግን ባለቤትዎ ሦስት ወር ብቻ እንዲታገሡ እንለምናቸዋለን። እስከዚያው መሶቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ሪሞቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ እርሳቸውም «ተው» ማለታቸውን ይተዋሉ።

አንድ ነገር ቀረን። ግራጫ በቀቀን በደንብ ከተያዘ 40 ዓመት፣ አልፎም እስከ 60 ይኖራል። የእርስዎ ገና 22 ነው። ከልጆችዎ መካከል ንፍሮውን እየጠቀለለ የሚሰጠው፣ የማይፈራውስ የትኛው ነው? አዛውንቷ እንዳደረጉት እርስዎም የዚያን ልጅ ስም በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ወረቀቱን ግን ወፉ በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት።